ከበረራው ሁለት ሳምንት በፊት

ጥቅምት እየተገባደደ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ ፋርማሲ ጥግ፣ መጋረጃ በተከለለች ጠባብ ቦታ፣ ነጠላቸውን ያላወለቁ እናት ተቀምጠዋል። ከቅዳሴ በቀጥታ ነው የመጡት። ልጃቸው የኢንሹራንስ ካርዱን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። ፋርማሲስቱ የአገር ልጅ ነው። ጓንቱን እያጠለቀ፣ "እማማ፣ በየትኛው ክንድዎ ይሻላል?" ይላቸዋል።

"እኔ መች እወጋለሁ አልኩ? እሷ ናት ጎትታ ያመጣችኝ። አምና ተወግቼ አይደል እንዴ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ የዋልኩት!"

"እማዬ፣ ለገና አዲስ አበባ ልትሄጂ አይደል?" አለች ልጅ። "እትዬን ልታዪያቸው አይደል? ሰማንያ አልፏቸዋል እኮ።"

ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ቢኖርም ፋርማሲስቱ አልቸኮለም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። "እማማ፣ እዚህ መርፌ ውስጥ ያለው ቫይረስ የሞተ ነው፤ እሱም ተቆራርጦ ነው። ፍሉ ሊያስይዝዎ አይችልም። ክንድዎን ሊያምዎ ይችላል፤ አንድ ሁለት ቀን ሰውነትዎ ሊከብድዎ፣ ትንሽ ሊያተኩስዎም ይችላል። ሳምንት ያስተኛዎት ግን ሌላ ነገር ነው።"

"ሌላ ምን?"

"ክትባቱ ሥራውን እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በዚያ መሀል ፍሉው ቀድሞ ይዞዎት ይሆናል። ወይም በዚህ ወቅት ከሚዞሩት ሌሎች ቫይረሶች አንዱ ነው።"

እናት ዝም ብለው አሰቡ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው የግራ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ።

የእኚህ እናት ጥያቄ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ብዙ ቤቶች በየዓመቱ ይነሳል። በዚያው በኩል "ጉንፋን ምን ያደርጋል? ዝንጅብልና ማር ይበቃዋል" የሚልም አለ። ለተራው ጉንፋን እውነትም ይበቃዋል። ተራ ጉንፋን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ጉሮሮ ይከረክራል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ ያስነጥሳል፤ ሰውየው እየተነፋረቀም ቢሆን ሥራ ውሎ ይገባል። ኢንፍሉዌንዛ፣ በአጭሩ ፍሉ የሚባለው፣ ግን አመጣጡ ድንገተኛ ነው። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ብርድ ብርድ እያለው ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ይንራል፤ ጀርባና እግሩን ይቆረጥመዋል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፤ ደረቅ ሳል ይይዘዋል፤ ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል። አብዛኛው ጤነኛ ሰው በሳምንት ውስጥ ይሻለዋል፤ ሳሉና ድካሙ ግን ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ዳማከሴውም፣ የባሕር ዛፍ እንፋሎቱም፣ ነጭ ሽንኩርቱም ለታመመ ሰው እፎይታ ይሰጣሉ፤ የእናቶቻችን እጅ ያረፈበት ነገር ስለሆነ እኔም እወደዋለሁ። ቫይረሱን ከሳንባ የማስወጣት አቅም ግን የላቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ አንድ ቢሊዮን ያህል ሰው በወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ይያዛል። ከእነዚህ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት በጠና ይታመማሉ፤ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚደርሱት በሚያስከትለው የመተንፈሻ አካል ሕመም ይሞታሉ። አንዳንዱን የሚገድለው ራሱ ቫይረሱ ነው። ሌላው ደግሞ የቆሰለው ሳንባው ለባክቴሪያ ተጋልጦ በሳንባ ምች ይሞታል። ጉዳቱ ሳንባ ላይም አይቆምም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ በተረጋገጠ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ሰው በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሆስፒታል የመግባት ዕድሉ በሌላ ጊዜ ከሚኖረው በስድስት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። በቤታችን የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለበት አባት ወይም እናት የሌለው ስንት ነው? ስለ ኢንፍሉዌንዛ ስናወራ ስለ እነሱ ልብ እያወራን ነው።

ሕፃናትም አሉ። ከ2024 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. በነበረው የፍሉ ወቅት በአሜሪካ 280 ሕፃናትና ታዳጊዎች በኢንፍሉዌንዛ ሞተዋል። ምዝገባው በ2004 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ፣ ከ2009ኙ የኤች1ኤን1 ወረርሽኝ በስተቀር፣ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ቁጥር አልታየም ነበር። ለክትባት ዕድሜያቸው ከደረሰውና የክትባት ሁኔታቸው ከታወቀው መካከል ከአስሩ ዘጠኙ ያህል ክትባታቸውን አልጨረሱም ነበር። ይህን ቁጥር አንብቤ በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም።

"ለኩፍኝ በልጅነታችን ተከትበን ዕድሜ ልክ ይበቃናል፤ ለዚህ ለምን በየዓመቱ?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ከቫይረሱ ባሕርይ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በላዩ ላይ ሁለት ዓይነት ፕሮቲን ተሰክቶበታል። አንደኛው ሄማግሉቲኒን ይባላል፤ ቫይረሱ ወደ ሴላችን የሚገባበት ነው። ሌላው ኒውራሚኒዴዝ ነው፤ የተባዛው ቫይረስ ከሴሉ ተላቆ የሚወጣበት። ኤች1ኤን1፣ ኤች3ኤን2 የሚባሉት ስሞች የእነዚህ የሁለቱ ፕሮቲኖች ምልክት ናቸው። ሰውነታችን ጠላቱን የሚለየው በዋናነት በሄማግሉቲኒኑ ነው። ቫይረሱ ግን ራሱን ሲያባዛ፣ ብራና በጥድፊያ እንደሚገለብጥና የጻፈውን መልሶ እንደማያነብ ቁም ጸሐፊ ነው። ፊደል ይገድፋል፤ ግድፈቱን አያርምም፤ ቀጣዩ ቅጂ ከግድፈቱ ጋር ይቀጥላል። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ሄማግሉቲኒኑ በቂ ለውጥ ስለሚያጠራቅም አምና የተማረው የሰውነታችን መከላከያ ዘንድሮ አያውቀውም። በዚያ ላይ ክትባቱ የሰጠው አቅም ራሱ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለዚህ ዓለም ቫይረሱን ዓመቱን ሙሉ ሲከታተለው ይኖራል። በ1952 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዓለም ጤና ድርጅት የኢንፍሉዌንዛ ክትትል መረብ ዛሬ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ላቦራቶሪዎች አሉት። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪም ከእነዚህ አንዱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከታመመ ሕፃን አፍንጫ የሚወሰድ ናሙና የዚህ ትልቅ ሥራ አካል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ባለሙያዎች በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ተሰብስበው የተገኘውን ይመረምራሉ፤ የካቲት ላይ ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ መስከረም ላይ ለደቡቡ የሚሆነውን የክትባት ስብጥር ይወስናሉ። ከውሳኔው እስከ መርፌው ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። በእነዚያ ወራት ቫይረሱ ሊለወጥ ይችላል፤ አንዳንድ ዓመት ክትባቱ በደንብ የማይገጥመውም ለዚህ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን በሽታ በሌላ ስሙ እናውቀዋለን። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን የመታው "የኅዳር በሽታ" ዓለም የስፔን ፍሉ ያለው ያው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ነበሩ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ከተማዋ በባቡር ከጅቡቲ ወደብ ጋር ከተገናኘች ገና ዓመት ገደማዋ ነበር፤ ሐኪሞቿ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በአዲስ አበባ ብቻ ከ5,000 እስከ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ከዚያም የሚያስበልጡ አሉ። በዓለም ዙሪያ የሞተው ቢያንስ 50 ሚሊዮን ነው ይባላል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ደግሞ በጉልምስና ዕድሜ ላይ የነበሩ ብርቱ ሰዎች ነበሩ። በየዓመቱ ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ የሚያቃጥልበት "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው ልማድ ከዚያ መከራ እንደ ተወረሰ አዛውንቶች ይናገራሉ። አያቶቻችን በእጃቸው ባለው ነገር ልጆቻቸውን ለማዳን ሞከሩ። ጭሱ ቫይረሱን አያባርረውም፤ ዛሬ አስም ያለበትን ልጅ ይጎዳል። የሞከሩበት ፍቅር ግን ክብር ይገባዋል፤ እነሱ ያጡትን እኛ አግኝተናል።

በዚያ ዘመን የበሽታውን መንስኤ ሐኪሞችም አያውቁም ነበር። በ1892 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ፋይፈር የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት በታማሚዎች አክታ ውስጥ አንድ ባክቴሪያ አግኝቶ ወንጀለኛው ይህ ነው አለ። ተሳስቶ ነበር፤ ባክቴሪያው ግን የበሽታውን ስም ይዞ ቀረ፦ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ። ይህ ስም ዛሬም ሰው ያሳስታል። የኢትዮጵያ ሕፃናት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንታቸው የሚወስዱት አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ፔንታቫለንት ክትባት ከሚሸፍናቸው አንዱ የዚህ ባክቴሪያ "ቢ" ዓይነት ነው። በካርድ ላይ ያንን አንብቦ "ልጄ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስዷል" የሚል ወላጅ አጋጥሞኛል። ያ ክትባት ይህ ባክቴሪያ ከሚያመጣው ማጅራት ገትርና ሳንባ ምች የሚያድን ውድ ክትባት ነው፤ የፍሉ ክትባት ግን አይደለም።

እውነተኛው መንስኤ በሰው ላይ የተገኘው በ1933 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ነው። ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌይድሎው ከታመመ ሰው ጉሮሮ የወጣ ፈሳሽ አጣርተው ፌሬት በሚባል፣ ሸለምጥማጥ በሚመስል ትንሽ እንስሳ አፍንጫ ውስጥ ጨመሩ። እንስሶቹ እንደ ሰው አተኮሳቸው፣ አስነጠሳቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የታመመ ፌሬት ፊቱ ላይ ያስነጠሰበት ተመራማሪ ራሱ ታመመ፤ ማስረጃው በዚህ ተሟላ። ቀጥሎ አውስትራሊያዊው ፍራንክ ማክፋርሌን በርኔት ቫይረሱን ጫጩት በያዘ የዶሮ እንቁላል ውስጥ የማሳደግን ዘዴ አዳበረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶማስ ፍራንሲስና ጆናስ ሳልክ በአሜሪካ ወታደሮች ላይ የሞከሩት ክትባትም ከዚያው ከእንቁላል የተገኘ ነበር። ሳልክ በኋላ በፖሊዮ ክትባቱ ዓለም ያወቀው ሰው ነው።

ዛሬም አብዛኛው የፍሉ ክትባት በእንቁላል ይዘጋጃል። ቫይረሱ እንቁላል ውስጥ ይባዛል፤ ይወጣል፤ በኬሚካል ይገደላል፤ ይበጣጠሳል፤ ይጣራል። እንቁላል የማይስማማው ሰው ድሮ ይከለከል ነበር። አሁን የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ለእንቁላል አለርጂ ሲባል የተለየ ጥንቃቄ አያስፈልግም ይላሉ። በእኛ ማኅበረሰብ የሚነሳ ሌላ ጥያቄ ደግሞ የአሳማው ነው፤ ለሙስሊሙም፣ ለኦርቶዶክሱም፣ ለቤተ እስራኤሉም እኩል የሚያሳስብ ነገር ነው። በአፍንጫ የሚረጨው የፍሉ ክትባት ከአሳማ የተገኘ ጀላቲን አለው፤ ሕይወት ያለው የተዳከመ ቫይረስ የያዘውም እሱ ነው። በክንድ የሚወጋው በብዛት የሚሰጠው ክትባት ግን የሞተ ነው፤ ጀላቲን የሌለበትን ማግኘትም ቀላል ነው። ፋርማሲስቱን "የሚወጋው ነው? ጀላቲን አለው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ መልሱ በጥቅሉ ላይ ተጽፏል።

ክትባቱ ምን ያህል ይሠራል? እዚህ ላይ እውነቱን ማለሳለስ አይገባም። ከሚዞረው ቫይረስ ጋር በሚገጥምበት ዓመት ታሞ ሐኪም ቤት የመሄድን ዕድል ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በማይገጥምበት ዓመት ያንሳል። ስለዚህ ተከትቦ የሚታመም ሰው አለ፤ ይኖራልም። ነገር ግን የተከተበው ሲታመም ብዙውን ጊዜ ይቀለዋል፤ ሆስፒታል የመግባት፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የመድረስ ዕድሉ ይቀንሳል። ከባድ የጎንዮሽ ጉዳትም አለ፤ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ጊላን ባሬ የሚባለው የነርቭ ሕመም ከተከተቡ ሚሊዮን ሰዎች ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ላይ ሊጨምር እንደሚችል ይነገራል። ኢንፍሉዌንዛው ራሱ ደግሞ ይህንኑ ሕመም ያመጣል። ሁለቱን አመዛዝኖ መከተብ እንደሚሻል አያጠራጥረኝም።

ቅድሚያ የሚገባቸው ይታወቃሉ፦ አዛውንቶች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ትናንሽ ልጆች፣ የልብ፣ የሳንባ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ፣ የጤና ባለሙያዎች። ነፍሰ ጡር ስትከተብ ሁለት ሰው ታድናለች። ከስድስት ወር በታች ያለ ጨቅላ መከተብ አይችልም፤ ዋናው መከላከያው ከእናቱ ደም የተቀበለው ነው። ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ቢያንስ በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል፤ ወላጅ ቀድሞ ቀጠሮ መያዝ አለበት። በአሜሪካ 65 ዓመት ለሞላቸው ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጠንከር ያለ ክትባት ይመረጥላቸዋል፤ እናትዎን ይዘው ከሄዱ "ለትልልቅ ሰዎች የሚሰጠውን" ብለው ይጠይቁ። አብዛኛው ኢንሹራንስ ወጪውን ይሸፍናል። ኢንሹራንስ የሌለው የካውንቲውን ጤና ቢሮ ይጠይቅ፤ በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ የሚሰጡበት ጊዜ አለ። በእስራኤል ኩፓት ሆሊም የሚባሉት የጤና ፈንዶች ለአባላታቸው በነፃ ይሰጣሉ። ለሐጅና ለዑምራ ወደ ሳዑዲ ለሚሄደውም የፍሉ ክትባት ይመከራል፤ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ የሚቆምበት ስፍራ ነውና።

ከተያዙ ደግሞ ጊዜ አያጥፉ። ኦሴልታሚቪር የሚባለው መድኃኒት የበለጠ የሚረዳው ምልክቱ በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ አዛውንት ወይም ነፍሰ ጡር ከታመሙ በዚያው ቀን ለሐኪም ይደወል። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም፤ ሬይ የሚባል አደገኛ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ የሚገዛው አሞክሳሲሊን ቫይረስ ላይ ምንም አይሠራም። ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደረት ሲወጋ፣ ሰው ሲቃዥ፣ ሕፃን አልጠባም ሲል፣ ወይም ተሽሎት የነበረ ሰው ትኩሳቱ ሲመለስበት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በዋናነት ለአንድ ዓይነት አንባቢ ነው፤ በታኅሣሥ ሻንጣውን አስሮ ለገናና ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ለሚበርረው። የገና ሰሞን በአሜሪካና በአውሮፓ ፍሉ የሚበረታበት ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የለም። የሚሳለመው እንግዳ ተከትቦ ሊሆን ይችላል፤ የምትሳለመው አያት ግን አብዛኛውን ጊዜ አልተከተበችም። በ2009 እ.ኤ.አ. አዲሱ ኤች1ኤን1 ዓለምን ሲዞር በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተረጋገጠው ከውጭ አገር በመጡ ሰዎች ላይ ነበር። የተያዘ ሰው ምልክት ከማየቱ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ቫይረሱን ያስተላልፋል። ቦሌ የወረደው ልጅ "ደህና ነኝ፣ መንገዱ ነው ያደከመኝ" እያለ ቤተ ዘመዱን ጉንጭ ለጉንጭ ይስማል፤ ይጎራረሳል፤ ለቅሶ ይደርሳል። ሳሉ የሚጀምረው በነጋታው ነው። ክትባቱ ማስተላለፍን ሙሉ በሙሉ አያቆምም፤ የመያዝ ዕድልን ግን ይቀንሳል፤ ያልተያዘ ደግሞ ለማንም አያስተላልፍም።

ስለዚህ ትኬት የቆረጣችሁ ሁሉ፣ ከበረራችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ተከተቡ፤ ቢቻል ጥቅምት ሳያልቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተቡ ትናንሽ ልጆች ካሏችሁ ከመስከረም ጀምሩ። በጉዞው ቀን ካተኮሳችሁ በረራውን አስተላልፉ። ደርሳችሁ ካሳላችሁ ደግሞ ማስክ አድርጉ፤ አዛውንት ካሉበት ክፍል ራቁ፤ እስኪሻላችሁ መሳሙ ይቅር፤ ይቀየማሉ ብላችሁ አትስጉ፣ ምክንያቱን ንገሯቸው። ወላጆቻችሁ የብርዱን ወራት እናንተ ዘንድ ሊያሳልፉ ከመጡ፣ በደረሱበት ሳምንት ይዛችኋቸው ወደ ፋርማሲ ሂዱ።